ፖስተር ይዞ ሲምፖዚየም ወይስ ላፕቶፕ ይዞ ወርክሾፕ?

የቀረበው ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው፦ «በፊዚክስ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጥናቴ በጋላክሲዎች እምብርት ስላሉ ብላክ ሆሎች ነው። አውሮፓ ውስጥ ለሚካሄድ የቪኤልቢአይ (የተራራቁ የሬዲዮ አንቴናዎችን እንደ አንድ ቴሌስኮፕ የማጣመር ዘዴ) ሲምፖዚየም የላክሁት አብስትራክት በፖስተር እንዳቀርበው ተቀባይነት አግኝቷል። በዚያው ሰሞን ደግሞ የአንድ ሳምንት የዳታ ትንተና ወርክሾፕ አለ። ገንዘቡም ፈቃዱም የሚበቃው ለአንዱ ብቻ ነው። ቪኤልቢአይ የሚሠራ አንቴና በሌለበት ሀገር ተቀምጬ የትኛው ይጠቅመኛል? እንዴትስ ልዘጋጅ? እህታችሁን ምከሩኝ።»

«እርስዎ» ብዬ ልጀምር ነበር፤ ከጥያቄሽ ታናሼ እንደሆንሽ ስለገባኝ «አንቺ» ብልሽ ቅር እንደማይልሽ ተስፋ አለኝ። መልሴን ከመጀመሪያው ልንገርሽ፦ ወደ ወርክሾፑ ሂጂ። ሌላ ዘርፍ ላይ ብትሆኚ ምናልባት ተቃራኒውን እመክርሽ ነበር። ቪኤልቢአይ ላይ ግን የሥራው ጠባይ ራሱ ያስገድዳል። ለምን እንደሆነ ረዘም አድርጌ ላስረዳሽ። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቪኤልቢአይ የሚባል ቴሌስኮፕ አንድ ቦታ ተተክሎ አታገኚውም። ጀርመን ኤፍልስበርግ ላይ የ100 ሜትር አንቴና አለ፣ እንግሊዝ ጆድረል ባንክ ላይ የ76 ሜትሩ ሎቬል አለ፣ ሰርዲኒያ ላይ የ64 ሜትር፣ ሻንጋይ አጠገብ የ65 ሜትር፣ ደቡብ አፍሪካ ሃርተቢስትሁክ ላይ የ26 ሜትር አለ። እያንዳንዱ የራሱ ባለቤት፣ የራሱ በጀት፣ የራሱ ጥገና፣ የራሱ ኩርፊያ አለው። ለጥቂት ሰዓት ሁሉም ፊታቸውን ወደ አንዲት የሰማይ ነጥብ ያዞራሉ፤ የሰሙትን ሃይድሮጂን ሜዘር በሚባል እጅግ ትክክለኛ የአቶም ሰዓት እየቆጠሩ ይቀዳሉ፤ ከዚያ ሁሉም ወደየሥራው ይበተናል። ቅጂው በዲስክ ተጭኖ ወይም በፋይበር መስመር ተልኮ ኮሪሌተር የሚባል ማመሳከሪያ ኮምፒውተር ዘንድ ይሰበሰባል፤ እዚያ የየሁለቱ አንቴና ቅጂ እርስ በርሱ ይመሳከራል። ሁለቱም ያንኑ ምልክት መስማታቸው ሲታይ «ፍሪንጅ ተገኘ» ይባላል፤ በሥራችን ከዚህ የበለጠ የሚያስደስት ቃል የለም። የእኛ ሀገር ሰው ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ የለበትም፦ ደቦ ነው።

ትርፉ ምን ያህል እንደሆነ በስሌት ላሳይሽ። በ6 ሴንቲ ሜትር የሞገድ ርዝመት፣ 10,000 ኪሎ ሜትር በተራራቁ ሁለት አንቴናዎች ስታዪ፣ ለይተሽ ልታዪው የምትችይው ማዕዘን ከ1 ሚሊ አርክሰከንድ ብዙም አይበልጥም። አዲስ አበባ ላይ ቆመሽ መቀሌ ላይ የተቀመጠች የስንዴ ፍሬ ወርዷን እንደ መለየት ነው። አንድ ብቻውን የቆመ አንቴና፣ የፈለገውን ያህል ቢገዝፍ፣ እዚህ አይደርስም።

ደቦ ከሆነ ደግሞ መነጋገር የሥራው አካል ነው። ከ1967 ጀምሮ እንዲሁ ነው። በዚያ ዓመት ካናዳውያን በአልጎንኩዊንና በፔንቲክተን መካከል፣ 3,074 ኪሎ ሜትር ላይ ፍሪንጅ ያገኙት፣ ሁለት ቦታ ያሉ ሰዎች በአንድ ዓይነት መቅጃና በአንድ ዓይነት የሰዓት አያያዝ ስለተስማሙ ነው። ሃምሳ ዓመት ቆይቶ፣ በኤፕሪል 2017፣ የኢቨንት ሆራይዘን ቴሌስኮፕ ቡድን ኤም87 በሚባለው ጋላክሲ እምብርት ያለውን ብላክ ሆል ሲያይ ነገሩ አልተለወጠም። ኤም87 ከደቡብ ዋልታ ባይታይም፣ በዚያው ዘመቻ ሌሎች ምንጮችን እያዩ እዚያ የተቀዱት ዲስኮች የዋልታው ክረምት እስኪያልፍና አውሮፕላን እስኪገባ ድረስ፣ እስከ ዓመቱ መጨረሻ እዚያው ቆይተዋል። ምስሉ ለሕዝብ የወጣው ኤፕሪል 10 ቀን 2019 ነው። በመሃል ያለው ሁለት ዓመት በአብዛኛው ምን ነበር ብትዪኝ፣ ስብሰባ ነበር።

እንግዲህ የአንቺ ሲምፖዚየም ይህን ታሪክ ተሸክሞ የመጣ ነው። የአውሮፓ ቪኤልቢአይ አውታር፣ ኢቪኤን፣ የተመሠረተው በ1980 ነው፤ በየሁለት ዓመቱ ሲምፖዚየም ያካሂዳል። በ2018 ግራናዳ ነበር፣ ኮቪድ መርሐ ግብሩን አናግቶት በ2022 ኮርክ፣ ከዚያ በ2024 ቦን። ሳይንሱ በየንግግሩ ይቀርባል፤ ነገር ግን ልምድ ያለው ሰው በጉጉት የሚጠብቀው የተጠቃሚዎች ስብሰባ የሚባለውን ነው። አንድ ምሽት ላይ፣ የአንቴና ኃላፊዎችና የኮሪሌተር ሠራተኞች ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ ዳታ የወሰደ ሁሉ እየተነሳ «የእኔ ምልከታ ላይ እንዲህ ሆነ፣ ለምን?» ይላል። መልስ የሚሰጡት ብሎኑን ያጠበቁት ሰዎች ራሳቸው ናቸው። እንዲህ ያለ መድረክ ሌላ ዘርፍ ላይ አላየሁም።

ችግሩ፣ እዚያ ለመናገር መጀመሪያ የራስሽ «እንዲህ ሆነ» ሊኖርሽ ይገባል።

የራሴን ላውራሽ። የመጀመሪያዬ ሲምፖዚየም ላይ በደንብ ያማረ ፖስተር ይዤ ቀረብኩ። ካርታው ቆንጆ ነበር፤ ጄቱ (ከብላክ ሆሉ አካባቢ የሚፈነጠቀው ጅረት) ጥርት ብሎ ይታያል። ዳታውን ካሊብሬት ያደረገው (ስህተቱን ያረመው) ግን የአማካሪዬ ወዳጅ ነበር፤ እኔ የደረሰኝ ያለቀ ምስል ነው። ፖስተሬ ሥር ሁለት ሰዓት ቆምኩ። አንድ ጸጉራቸው የሸበተ ሰው መጡና መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ አውጥተው ካርታውን ጎንበስ ብለው አዩ። «ሪፈረንስ አንቴናህ የትኛው ነበር?» አሉኝ፤ ሌሎቹ ሁሉ የሚነጻጸሩበትን አንቴና ማለታቸው ነው። አላውቅም ማለት አፈርኩና ከዝርዝሩ ውስጥ ትልቁን አንቴና ጠራሁ። ፈገግ አሉ። «እሱ እኮ በዚያ ሌሊት በነፋስ ምክንያት ቆሞ ነበር» አሉኝ። አልተቆጡኝም፤ ቡናቸውን ይዘው ሄዱ። በዚያ ሳምንት ከዚያ በኋላ ማን ምን እንደነገረኝ አላስታውስም፤ ያቺን ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

ለዚህ ነው መጀመሪያ እጅሽ ዳታ ይንካ የምልሽ።

ወርክሾፑ ላይ ምን እንደሚገጥምሽ ልንገርሽ፤ እንዲያውም ከመሄድሽ በፊት ቤትሽ ሆነሽ ልትጀምሪው ትችያለሽ። ኢቪኤን ለማስተማሪያ የሚጠቀምበት ኤን14ሲ3 የሚባል ምልከታ አለ፤ በ2014 በ6 ሴንቲ ሜትር የተወሰደ ነው። ማንም አውርዶ ይሠራበታል። የሚያስፈልግሽ ሊነክስ ያለው ኮምፒውተርና ካሳ የሚባለው ሶፍትዌር ነው። (ስሙ ሲጠራ ሁልጊዜ የሰፈራችን ጋሽ ካሳ ትዝ ይሉኛል። አንድ ሌሊት ሙሉ የሠራሽው ሲበላሽብሽ ደግሞ ስሙ ሌላውን ትርጉሙን ያስታውስሻል፤ ማንም ግን አይክስሽም።) ዳታውን ካስገባሽ በኋላ መጀመሪያ የምታዪው የፌዝ (የሞገዱ የዑደት ደረጃ፣ በዲግሪ) ሥዕል ነው፤ አግድም ፍሪኩዌንሲ፣ ሽቅብ ፌዝ። ደካማ ምንጭ ላይ ነጥቦቹ ሰፌድ ላይ እንደተበተነ ጤፍ ናቸው፣ መልክ የላቸውም። 3ሲ345ን የመሰለ ደማቅ ኳዘር (በጣም ሩቅ ያለ የሚያበራ የጋላክሲ እምብርት) ስትመርጪ ግን በድንገት ይሰለፋሉ። ሰያፍ መስመር ይሠሩና 180 ዲግሪ ጫፍ ሲደርሱ ከታች ብቅ ይላሉ፣ እንደገና ይወጣሉ፤ እንደ መጋዝ ጥርስ።

ያ ሰያፍ ምን እየነገረሽ እንደሆነ ቆም ብለሽ አስቢ። 16 ሜጋኸርዝ ስፋት ባለው ንዑስ ባንድ ውስጥ ፌዙ አንድ ሙሉ ዙር ከዞረ፣ በሁለቱ አንቴናዎች መካከል 62.5 ናኖ ሰከንድ ያልታረመ መዘግየት አለ ማለት ነው። በዚያ ጊዜ ብርሃን 19 ሜትር ገደማ ይሄዳል። አንቴናው 19 ሜትር ተንቀሳቀሰ ማለት አይደለም። ሰዓቱ ትንሽ ሸሽቶ ይሆናል፣ ኬብሉ ረዝሞ ይሆናል፣ የኮሪሌተሩ ሞዴል አየሩን በትክክል አልገመተ ይሆናል። ፍሪንጅፊት የምትባለዋ ትእዛዝ ይህን ሰያፍ ትፈልግና ታቃናዋለች። ትእዛዙን ሰጥተሽ፣ ውጤቱን በዳታው ላይ አሳርፈሽ፣ ያንኑ ሥዕል ደግመሽ ስትከፍቺ መጋዙ ጠፍቶ ነጥቦቹ ዜሮ ላይ ተኝተዋል። ይህን በመጽሐፍ አሥር ጊዜ አንብቤው ነበር፤ በዓይኔ ያየሁት ቀን ነው የገባኝ።

ትእዛዟ ግን አንድ ነገር ትጠይቅሻለች፦ ሪፈረንስ አንቴናሽ የትኛው ነው? የሸበቱት ሰው ጥያቄ!

ከፌዙ ቀጥሎ የአምፕሊቲዩዱ፣ የምልክቱ ጥንካሬ፣ ጣጣ አለ። እያንዳንዱ ጣቢያ የመቀበያውን የሲስተም ሙቀት (የሚሰማውን የጩኸት መጠን) መዝግቦ መላክ አለበት፤ አንዱ ጎዶሎ ይልካል፣ ሌላው ቁጥሩ ከልክ በላይ ይሆናል። መማሪያ ሰነድ ላይ ሁሉም ልክ ነው፤ እውነተኛ ዳታ ላይ ግን ሁልጊዜ አንድ ነገር አይሠራም። ወርክሾፕ ሰነድ ከማንበብ የሚበልጠው እዚህ ላይ ነው። አስተማሪው ከትከሻሽ ኋላ ቆሞ ስክሪንሽን ያይና «ይሄ ጣቢያ እንዲህ ሲሆን ኬብሉ ነው፣ እለፊው» ይላል። ያ ዕውቀት የትም አልተጻፈም።

አሁን የስብሰባዎቹን ዓይነት በፍጥነት ልለይልሽ፤ ሁሉም «ኮንፈረንስ» እየተባሉ ስለሚያደናግሩ። ዳታ ለመማር የሚኬድባቸው ትምህርት ቤቶች አሉ። ኤሪስ የሚባለው የአውሮፓ የሬዲዮ ኢንተርፌሮሜትሪ ትምህርት ቤት አለ፤ አሜሪካ ኒው ሜክሲኮ፣ ሶኮሮ ላይ የሚሰጠው የሲንተሲስ ኢሜጂንግ ወርክሾፕ አለ። ኔዘርላንድስ ድዊንገሎ የሚገኘው ጃይቭ፣ የኢቪኤንን ኮሪሌተር የሚያንቀሳቅሰው ተቋም፣ ካሳን ለቪኤልቢአይ የሚያስተምሩ ወርክሾፖች አዘጋጅቷል፤ የኖቬምበር 2020ው በኮቪድ ምክንያት በኦንላይን ነበር። ለእኛ ያ ወረርሽኝ በዚህ በኩል ባለውለታ ነው፤ ቪዛ የማይጠይቅ ወርክሾፕ እንዳለ አሳየን። ለወጣቶች ብቻ የሆነ የራክ የሚባል ጉባኤ አለ፣ ከ1968 ጀምሮ ሲካሄድ የኖረ። እዚያ ተናጋሪዎቹ ተማሪዎች ስለሆኑ ማንም አያስፈራሽም። የዓለም አቀፉ አስትሮኖሚ ኅብረት ጠቅላላ ጉባኤ በየሦስት ዓመቱ ነው፤ ትልቅ ነው፣ ሰው ይጠፋበታል። የኦገስት 2024ቱ ኬፕ ታውን ላይ ሆነ፤ ኅብረቱ በ1919 ከተመሠረተ ጀምሮ አፍሪካ ምድር ላይ ሲደረግ ያ የመጀመሪያው ነበር። ከኅብረቱ ሲምፖዚየሞች ደግሞ አንዱ፣ ቁጥር 356፣ በኦክቶበር 2019 አዲስ አበባ ተካሂዷል፤ ርዕሱም የአንቺው ነው፣ በጋላክሲዎች እምብርት ስላለው እንቅስቃሴ። ጽሑፎቹ በመጽሐፍ ታትመዋል፤ ካላየሻቸው ከዚያ ጀምሪ፤ ብዙዎቹ አቅራቢዎች አዲስ አበባን ስለሚያውቋት ኢሜይል ስትጽፊላቸው ባዕድ አትሆኚባቸውም።

አንድ ዘርፍ ላይ ግን ረገጥ አድርጌ ልቁም፤ እኛ ሀገር ማንም ስለማይነግርሽ። ቪኤልቢአይ ከአስትሮኖሚው ሌላ ሁለተኛ ቤት አለው፤ መሬትን መለካት። አይቪኤስ የሚባለው የጂኦዴሲ ቪኤልቢአይ አገልግሎት በ1999 ተመሠረተ፤ በየሁለት ዓመቱ ጠቅላላ ስብሰባ አለው። ማሳቹሴትስ፣ ሄይስታክ ኦብዘርቫቶሪ ላይ ደግሞ ለጣቢያ ቴክኒሻኖች የሚሆን የሥራ ወርክሾፕ በየሁለት ዓመቱ ያደርጋል። እነዚህ ሰዎች ኳዘሮቹን የማይንቀሳቀስ ችካል አድርገው፣ በአንቴናዎቹ መካከል ያለውን ርቀት በሚሊ ሜትር ደረጃ ይለካሉ። የመሬት የሽክርክሪት ሰዓት የሚታወቀው በዚህ ዘዴ ነው። በኦገስት 2018 ቪየና ላይ በተደረገው የአስትሮኖሚ ኅብረት ጉባኤ የጸደቀው የሰማይ ማጣቀሻ፣ 4,536 ምንጮች ያሉት፣ በዚሁ ሥራ የተገኘ ነው፤ ጉባኤ የሚባል ነገር እጅ አውጥቶ የሰማይን አድራሻ ሊቀይር እንደሚችል ያየሁት ያኔ ነው።

ይህ እኛን ምን አገባን እንዳትዪ። የስምጥ ሸለቆው ሁለት ጎን በየዓመቱ በሚሊ ሜትሮች ይራራቃል፤ በ2005 አፋር ውስጥ ዳባሁ ላይ መሬቷ በ60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ተሰንጥቃ እስከ 8 ሜትር ተከፍታለች። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ውስጥ ያለው የጂፒኤስ ጣቢያ የዓለም አቀፉ አውታር አባል ነው፤ እሱ የሚለካው እንቅስቃሴ ትርጉም የሚኖረው ከመሬት ማጣቀሻ ሥርዓቱ አንጻር ነው፤ ያንን ሥርዓት ከሚያቆሙት ምሰሶዎች አንዱ ቪኤልቢአይ ነው። ብላክ ሆል ሳይሰለችሽ አይቀርም የሚልሽ ዘመድ ካለ፣ ይህን ንገሪው።

«አንቴና በሌለበት ሀገር» ያልሽውን አልዘነጋሁትም። ኢቪኤን የምልከታ ጊዜ የሚሰጠው በሐሳቡ ጥራት ነው፤ የአመልካቹ ሀገር አንቴና አለው የለውም አይልም። ጥሪው በዓመት ሦስት ጊዜ ይዘጋል፤ ፌብሩዋሪ 1፣ ጁን 1 እና ኦክቶበር 1። (ሰዓቱን በዩቲሲ፣ በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት፣ ነው የሚጽፉት፤ «16:00» ካለ በእኛ ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው። በሰዓት አቆጣጠር ምክንያት ማመልከቻ የወደቀበት ሰው አውቃለሁ።) የተወሰደው ዳታም ከአንድ ዓመት በኋላ ለሁሉም ክፍት ይሆናል። ስለዚህ የሁለተኛ ዲግሪ ሥራ ከማህደር ብቻ መሥራት ይቻላል፤ ብላክ ሆልሽ ምናልባት ማንም ያልተነተነው ምልከታ ውስጥ ተቀምጦ ይሆናል። አንቴናውም ቢሆን ሩቅ ሕልም አይደለም። ጋና ኩንቱንሴ ላይ ያለው የ32 ሜትር ሳህን የሳተላይት ስልክ ማገናኛ ነበር፤ ፋይበር ሲመጣ ሥራ ፈታ፣ ወደ ሬዲዮ ቴሌስኮፕ ተለወጠና በ2017 ፍሪንጅ አገኘ። በአውሮፓና በሃርተቢስትሁክ መካከል ያለው ባዶ ቦታ ደግሞ የሁላችንም ራስ ምታት ነው፤ በመሃል አንቴና ስለሌለ ምስሉ ላይ መካከለኛ ስፋት ያለው ነገር ይጎድላል። ካርታ ዘርግተሽ ያ ባዶ ቦታ የት የት እንደሚያልፍ ተመልከቺ።

ወደ ገንዘቡና ወደ ቪዛው ልውረድ፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው ሳይንሱ ላይ ሳይሆን እዚህ ነው። በኤፕሪል 2024 የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በኢትዮጵያውያን አመልካቾች ላይ ባሳለፈው ውሳኔ፣ የሼንገን ቪዛ መደበኛ የማስኬጃ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ከፍ ብሏል። ማመልከቻ ግን ከጉዞው ስድስት ወር በፊት ጀምሮ ማስገባት ይቻላል። ስለዚህ የግብዣ ደብዳቤውን ተቀባይነት ባገኘሽ ማግስት ጠይቂ፤ አዘጋጆቹ አንድ ወር ለእኛ በቂ እንዳልሆነ አያውቁም፣ ካልነገርሻቸው አይገምቱም። ደብዳቤው ላይ ስምሽ በፓስፖርትሽ እንዳለው ይሁን፤ የአያት ስም ቀርቶ ወይም ፊደሉ ተለውጦ የተመለሰ ማመልከቻ ብዙ ነው። ወጪሽን ማን እንደሚሸፍን በግልጽ ይጻፍበት፣ «በከፊል» ከሆነ ስንቱን። የዩኒቨርሲቲሽ የድጋፍ ደብዳቤ፣ ደመወዝ ካለሽ የስድስት ወር ባንክ ስቴትመንት፣ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ መድን አዘጋጂ። እኔ አንድ ጊዜ ዘግይቼ አስገብቼ፣ ቪዛ የተመታበት ፓስፖርቴ የተመለሰልኝ ጉባኤው በተዘጋ በሦስተኛው ቀን ነው። ጨርቅ ላይ ያሳተምኩት ፖስተር አሁን ቤቴ የመጻሕፍት መደርደሪያ መጋረጃ ሆኗል፤ ለዚያስ ጥሩ ነው።

የምዝገባ ክፍያ ሌላው ነው። ከአዲስ አበባ ሆኖ በዓለም አቀፍ ካርድ መክፈል ለተማሪ ቀላል አይደለም። ከተማሪ ክፍያ ነፃ እንዲያደርጉሽ ወይም በቦታው ስትደርሺ እንድትከፍዪ በኢሜይል ጠይቂ። አታፍሪ። ለጉዞ ድጋፍ የተመደበ ገንዘብ ያለው ስብሰባ ብዙ ነው፤ ሳይጠየቅ ግን አይሰጥም። ኢሜይሉ አጭር ይሁን፦ ማን እንደሆንሽ በአንድ መስመር፣ ምን ዳታ ላይ እየሠራሽ እንደሆነ በአንድ መስመር፣ ስንት እንደሚጎድልሽ በቁጥር። «ማንኛውም ድጋፍ» የሚል ደብዳቤ መልስ አያገኝም፤ «የአውሮፕላን ትኬቱን ዩኒቨርሲቲዬ ይችላል፣ የሰባት ሌሊት ማደሪያ ይጎድለኛል» የሚል ያገኛል።

የውሸት ኮንፈረንስ ነገርም አለ። አንድ ጽሑፍ እንዳሳተምሽ ኢሜይልሽ «የተከበሩ ፕሮፌሰር» በሚሉ ግብዣዎች ይሞላል። ምልክቱ ቀላል ነው። አብስትራክቱ በአንድ ቀን ይጸድቃል፤ ሕዋ፣ ነርሲንግና ማርኬቲንግ በአንድ አዳራሽ ይስተናገዳሉ፤ የሳይንስ ኮሚቴው ስም የለም ወይም ስማቸው ያለው ሰዎች አያውቁትም፤ ክፍያ ግን ወዲያው ይጠየቃል። እኛ ዘርፍ ትንሽ ነው። ከኮሚቴው ውስጥ አንድ ስም እንኳ ካነበብሽው ጽሑፍ ላይ የማታውቂው ከሆነ፣ አማካሪሽን ሳትጠይቂ ሳንቲም አትክፈዪ።

የቀረው ተቀባይነት ያገኘው ፖስተርሽ ነው። ዝም ብለሽ አትቅሪ፤ ሳይነግሩ መቅረት በዚህች ትንሽ መንደር ይታወሳል። ዛሬውኑ ለአዘጋጆቹ ጻፊላቸውና ሁለት ነገር ጠይቂ። አንደኛ፣ ከጽሑፉ ተባባሪዎች አንዱ የሚሄድ ከሆነ ፖስተሩን እሱ ይስቀልልሽ፤ መጠኑ ብዙውን ጊዜ ኤ0 ነው፣ 841 በ1,189 ሚሊ ሜትር፣ የቆመ ይሁን የተጋደመ መመሪያቸውን እዪ፤ ፋይሉን ልከሽለት እዚያው ያሳትመው። ሁለተኛ፣ ንግግሮቹን በኦንላይን መከታተል ይቻል እንደሆነ ጠይቂ፤ ከተቻለ የተጠቃሚዎቹ ስብሰባ ምሽት እንዳያመልጥሽ።

ወርክሾፑ እስኪደርስ ያለውን ጊዜ ኤን14ሲ3 ላይ አሳልፊ። የካሳ መጫኛውንም የዳታውንም ፋይል ኢንተርኔት ደህና በሆነበት ሌሊት አውርጂ፤ እዚያ ደርሰሽ የመጀመሪያውን ቀን ሶፍትዌር በመጫን እንዳትጨርሺው። ሪፈረንስ አንቴና ስትመርጪ ምልከታው ውስጥ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የነበረ መሆኑን መጀመሪያ አረጋግጪ፤ ትልቅ ስለሆነ ብቻ አትምረጪው። መጋዙ አልጠፋ ካለሽ፣ ከፍሪንጅፊት በፊትና በኋላ ያለውን ሥዕል ሁለቱንም፣ የሰጠሻትንም ትእዛዝ እንዳለ እዚሁ ለጥፊልኝ፤ አብረን እናየዋለን።